«መሬት ይንካ» የተባለው የእድራችን ነገር

የጠባሴ ልጅ፦
ትናንት በእድራችን ስብሰባ የሰማሁት ቃል እንቅልፍ ነሥቶኛል። በመጠጥ ለተጎዳ አባል ማሳከሚያ ከካዝናው ይውጣ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ተነሥተው «ሰካራም መሬት ሳይነካ ፈጣሪውን አያስብም፤ ተዉት፣ መሬት ይንካ» አሉ። የቤቱ ግማሽ አጨበጨበ። ያ አባል የእናቴ ልጅ ነው። ኅዳር ገብቷል። በደብረ ብርሃን ውርጭ ሜዳ ላይ የወደቀ ሰው ጠዋት እንደሚነሣ ማን ነገራቸው? እሁድ ድምፅ ይሰጣል። ምን ትላላችሁ?

ዘመንዝ፦
እኅቴ፣ ኀዘንሽ ይገባኛል። ሽማግሌው ግን አልተሳሳቱም። የጠፋው ልጅ ወደ ልቡ የተመለሰው የአባቱ ገንዘብ በእጁ እያለ አይደለም፤ እሪያ የሚበላውን አሰር ተመኝቶ የሚሰጠው ሲያጣ ነው። ምናሴም በሰንሰለት ታስሮ ባቢሎን ከወረደ በኋላ ነው የጸለየው። ቤተሰብ ዕዳውን በከፈለ ቁጥር የአረቄ ቤቱ ደብተር እንደ አዲስ ይከፈታል። ይህን በገዛ ቤቴ አይቻለሁ።

የሌሊት ተረኛ ነርስ፦
ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት እንደ ሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጠው ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ቅዠትና ትኩሳት ሊመጣበት ይችላል፤ ካልታከመ ሊሞት ይችላል። «አረቄ ያሞቃል» የሚባለውም ያታልላል። ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚገፋው ሙቀት ይሰማዋል እንጂ ሰውነቱ እየቀዘቀዘ ነው። ከተማችን ያለችው 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ መሆኑን አትርሱ። ጎህ ሲቀድ ከመንገድ ተነሥቶ የመጣ ሰው ተቀብያለሁ፤ ጣቶቹ እንደ እንጨት ደርቀው ጋቢውን መልቀቅ አቅቷቸው ነበር። ያንን እጅ የያዘ ሰው «መሬት ይንካ» የሚለውን ቃል አይደግመውም።

ስድስት ዓመቴ፦
እኔ እደግመዋለሁ፣ ምክንያቱም ነክቼዋለሁ። ከጫጫ መውጫ ላይ ቦይ ውስጥ አድሬ ስነቃ ጋቢዬ በውርጭ ነጥቶ ነበር። ልጆች ደብተራቸውን ይዘው ያልፋሉ። ከመካከላቸው አንዷ ልጄ ናት። አየችኝ። አንገቷን ደፍታ ከጓደኞቿ ጋር አለፈች። በዚያ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን መግባት አፍሬ ከቅጥሩ ውጭ ቆሜ «ከጥልቅ ጠራሁህ» የሚለውን መዝሙር እስከምችለው ድረስ አልኩ። ስድስት ዓመት ሆነኝ። ቤተሰቤ እንደ ልማዱ ፈልጎ አንሥቶኝ ቢሆን ኖሮ ያንን አንገት አላየውም ነበር።

የጠባሴ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከቦዩ ማን አነሣዎት?

ስድስት ዓመቴ፦
ቆሎ የምትሸጥ አንዲት እናት ትኩስ ሻይ ሰጥታኛለች። ከመቀመጫዋ ተነሥታ ቦታውን ለቀቀችልኝ። እሷ ባትሰጠኝም እሄድ ነበር።

የሌሊት ተረኛ ነርስ፦
በምን እግርዎ?

ዘመንዝ፦
ምስክርነቱን አትቆራርጡበት። ሻይ መስጠትና ማሳከሚያ መክፈል አንድ አይደለም። አባትየውም ለጠፋው ልጅ ወደ ሩቅ አገር ስንቅ አልላከም።

የቡልጋው፦
አልላከም። ግን ረሃቡንም አላመጣበትም፤ በዚያች አገር ራብ ሆነ ነው የሚለው። ገና ሩቅ ሳለም አይቶት ሮጠ። ሩቅ ሳለ ያየው መንገዱን ሲጠብቅ ስለነበረ ነው። «ሳይነካ አያስብም» የሚለውንም አልቀበልም። የእኛው ጻድቅ ተክለ ሃይማኖት የተጠሩት ወድቀው ነው? ገድላቸው ለአደን ወጥተው ሳለ እንደተጠሩ ይናገራል፤ ሀብታቸውን ለድሆች ሰጥተው ወጡ።

ዘመንዝ፦
ጻድቁን ከሰካራም ጋር ልታነጻጽር?

የቡልጋው፦
ጥሪውን ነው ያነጻጸርኩት። እግዚአብሔር ሰው ለመጥራት ቦይ አያስፈልገውም።

መምህር ነኝ፦
ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚደጋገፉ ሰዎች ማኅበር አሜሪካ ውስጥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1935 ተመሠረተ። ከሁለቱ መሥራቾች አንዱ ቢል ዊልሰን በ1934 መጨረሻ ተስፋው ተሟጥጦ ወደ አምላክ ጮኸ፤ እስከሞተበት እስከ 1971 ዳግመኛ አልጠጣም። የጮኸው ግን ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ነው። ሐኪም ነበረው፤ መጠጥ ያቆመ የድሮ ጓደኛውም እየመጣ ያነጋግረው ነበር። ሲገባ አራተኛ ጊዜው ነው። በሦስተኛው በሩ ቢዘጋበት ኖሮስ?

ዘመንዝ፦
የዚያ ማኅበር የመጀመሪያ ደረጃ «አቅም እንደሌለን አመንን» አይደለም? ይህ እኮ መሬት መንካት ማለት ነው!

መምህር ነኝ፦
ማመን ነው እንጂ ሜዳ ማደር አይደለም። ቤቱንና ሥራውን ሳያጣ ያመነም ብዙ አለ።

ሰላ ድንጋይ፦
ስለ ጻድቃኔ ማርያም ጠበል ማንም አለማንሣቱ ገረመኝ። ከአልጋም ከእድርም በፊት ጠበል ነው። ደግሞም አረቄ አውጪዎቹን ለምን አትናገሯቸውም? መርዙን የሚሸጠው ማን ሆነና!

የጌሾ ልጅ፦
እናቴ ጌሾ ወቅጣ፣ ብቅል አብቅላ፣ ጭስ ዐይኗን እያቃጠላት ዳግም አረቄ አውጥታ አራት ልጅ አስተምራለች። ሌላ ሥራ የሰጣት አልነበረም። የሰከረውን ጎረቤት «ይበቃሃል» ብላ ወደ ቤቱ የምትሸኘውም እሷ ነበረች። ስሟን በመርዝ አታንሡብኝ።

ሰላ ድንጋይ፦
ስለ እናትሽ አልተናገርኩም።

የጌሾ ልጅ፦
ተናግረሃል።

አሊዩ አምባ፦
በእኛም ዘንድ ዩኑስ በዓሣው ሆድ፣ በጨለማ ውስጥ ጠርቶ ዳነ። ነገር ግን ቁርኣን በመርከብ ላይ ማዕበል ሲከብባቸው አላህን ብቻ ስለሚለምኑ፣ ከዳኑ በኋላ ግን ወደ ጥፋታቸው ስለሚመለሱ ሰዎችም ይናገራል። ጭንቅ ሁሉ ሰውን አይለውጥም። ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ከጎኑ የሚቆም ያስፈልገዋል።

ከአጣዬ የመጣሁ፦
በ2013 አጣዬ ስትቃጠል ሱቄን ጥዬ በለበስኩት ልብስ ወደ ደብረ ብርሃን መጣሁ። ታች የምትሉትን አብረን ነካነው። በመጠለያው አንዱ ሌሊት ተነሥቶ ይሰግድ ነበር። አጠገቡ የሚተኛው ደግሞ ጠጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር፤ መጠጣት የጀመረው እዚያ ነው። ሁለቱም አንድ ምንጣፍ ላይ ነበሩ። መሬቱ አንድ ነው ወንድሞቼ። «ይንካ» ስትሉ የትኛው እንደሚሆን በምን ታውቃላችሁ?

ዘመንዝ፦
አላውቅም። ግን ወንድሜን ለአሥራ አንድ ዓመት አነሣሁት፤ እኔ ደከምኩ፣ እሱም አልተነሣም። ደክሞት የተወን ሰው ጨካኝ አትበሉት። የጠየቅሁት ይህን ብቻ ነው።

የጠባሴ ልጅ፦
ጨካኝ አላልኩህም ወንድሜ። መድከም ሌላ፣ ማጨብጨብ ሌላ ነው። ያጨበጨቡትን ነው ይቅር ለማለት ያቃተኝ።

ስድስት ዓመቴ፦
የእኔም እድር ያው ነው። እሁድ እመጣለሁ። ድምፄ ከሽማግሌው ጋር ነው፤ አልዋሽሽም። ወንድምሽ የሚያድርበትን ቦታ ግን ጻፊልኝ፤ ዛሬ ማታ ሄጄ አነጋግረዋለሁ።

የጠባሴ ልጅ፦
ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ቆርቆሮው ሥር። ሰማያዊ ኮፍያ አድርጓል። ጋቢ ይዤ እዚያው እጠብቅዎታለሁ።