የክርስትና ስሟን ከየት ላምጣው?

ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ጨንቆኛል። ምክር ያላችሁ ለግሱኝ።

በየወሩ በ21 የምንጠጣው የእመቤታችን የጽዋ ማኅበር አለን። ዘንድሮ ሁለት እህቶቻችንን አጣን። የመጀመሪያዋ አርባ በደንብ ወጣ። ያስቸገረኝ የሁለተኛዋ ነው።

ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ 20 ዓመት ጎን ለጎን ቆመን አስቀድሰናል። ማኅበር ላይ ዳቦው ሲቆረስ ጠርዙን በነጠላዋ ሸፍና ለእኔ የምታስቀምጠው እሷ ነበረች። ደረቁን እንደምወድ ታውቃለች። ባለፈው ወር ጠርዙ ሌማቱ ላይ ቀረ። ማንም አላነሳውም፣ እኔም አልቻልኩም።

አርባዋ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ለፍትሐቱ ስሟን ላስመዘግብ ብሄድ ቄሱ "የክርስትና ስሟስ?" አሉኝ። ዝም አልኩ። ያን ሁሉ ዓመት በቤት ስሟ ስጠራት ኖሬ፣ ወለተ ማን እንደሆነች አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም! በጣም አፈርኩ።

እናትና አባቷ አርፈዋል። ዐረብ አገር ላለው ወንድሟ ደወልኩ፣ አያውቅም። ንስሐ አባቷም ከእሷ ቀድመው ነው ያረፉት። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የተነሳችው ጎጃም ገጠር ነው፤ ካርድ ምናምን የለም። የክርስትና እናቷ በሕይወት አሉ ይባላል፣ ግን ስልክ የላቸውም።

እግዚአብሔር በስሟ እንደሚያውቃት አምናለሁ፤ ትንሣኤ ሙታንንም ተስፋ አደርጋለሁ። ግን ስሟ ሲጠራ በጆሮዬ መስማት እፈልጋለሁ። እንዲህ የገጠመው አለ? በዓለም ስሟ ማስጠራት ይቻላል? ወይስ ሥራዬን አስፈቅጄ ጎጃም ልውረድ?