ባሌ ይደበድበኛል፤ የፍቺ ክስ ብመሠርት የቤተሰብ ችሎት ጥቃቱን እንዴት ያየዋል?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

የተከበራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ እኔና ባለቤቴ በማዘጋጃ ቤት ተፈራርመን የተጋባን ስንሆን የስድስት ዓመት ሴት ልጅና የሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አሉን። ባለቤቴ ከአንድ ጊዜ በላይ ደብድቦኛል። ባለፈው ወር ክንዴ አብጦ ጤና ጣቢያ ከታከምኩ በኋላ ልጆቼን ይዤ እናቴ ቤት ገብቻለሁ፤ ለፖሊስ ግን እስካሁን አላመለከትኩም። የእርሱ ወገኖች ሽማግሌ ልከው፣ ከቤት የወጣሁት በራሴ ፈቃድ ስለሆነ ብከስ ቤቱንም ልጆቹንም እንደማጣ ነግረውኛል። ሲመታኝ ያየች ትልቋ ልጄ ብቻ ናት። የእርሱ ገቢ ከእኔ በእጅጉ ይበልጣል። ፍቺ ለመጠየቅ አስቀድሞ በወንጀል ማስፈረድ ያስፈልጋል? ያለ ዓይን ምስክር ዳኛው ያምነኛል? ልጆቼስ ወደ እርሱ ይሄዱ ይሆን?

መልስ፦ ጠበቃ፣ በቤተሰብ ጉዳይ የሚሠሩ

እመቤቴ፣ በመጀመሪያ ሁለቱን መንገዶች መለየት ይኖርብዎታል። የወንጀሉ ጉዳይ በፖሊስና በዐቃቤ ሕግ በኩል ወደ ወንጀል ችሎት የሚሄድ ሲሆን ፍቺው፣ የልጆቹ አስተዳደግ፣ ቀለቡና ንብረቱ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የቤተሰብ ችሎት የሚታዩ ናቸው። አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ፍቺ ለማግኘት የባልን ጥፋት ማረጋገጥ ግዴታ አይደለም፤ ስለዚህ በወንጀል ያልተፈረደበት መሆኑ የፍቺ ጥያቄዎን አያስቀርም።

ታዲያ ጥቃቱ ለምን ይነሣል ቢሉ፣ የቤተሰብ ችሎት ባልዎን ሊቀጣ የተቀመጠ ባይሆንም፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ መኖሪያ ቤቱና ስለ ገንዘቡ በሚሰጠው በእያንዳንዱ ትእዛዝ ላይ ድብደባው ክብደት ሊኖረው ስለሚችል ነው። ብዙ አመልካቾች በማመልከቻቸው ላይ የበደሉን ታሪክ በሰፊው ይጽፉና በመጨረሻ «ፍቺ ይወሰንልኝ» ብለው ይዘጋሉ፤ ዳኛው ግን ያልተጠየቀውን አይሰጥም። እርስዎ ድብደባውን ከሚጠይቁት ነገር ጋር ያያይዙት። በአንቀጽ 82 መሠረት ፍርድ ቤቱ የፍቺ ጥያቄ እንደ ቀረበለት ስለ ተጋቢዎቹ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ እንዲሁም ስለ ንብረቱ አስተዳደር ወዲያውኑ ተገቢውን ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከተጋቢዎቹ አንዱ ከጋራ መኖሪያው መውጣት ያለበት ሲሆንም የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ሁኔታ ያገናዝባል። ስለዚህ «በልጆቼ ፊት ስለሚደበድበኝ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ልጆቹ ከእኔ ጋር እንዲቆዩ፣ ይህን ያህል ቀለብ እንዲከፍልና መኖሪያ ቤቱን እንዲለቅልን ይታዘዝልኝ» ብለው በዝርዝር ይጠይቁ።

ከቤት የወጣ ንብረቱን ያጣል የሚባለው መሠረት የለውም። በጋብቻ ወቅት የተፈራው ንብረት፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር፣ የጋራ እንደሆነ ይገመታል፤ ክፍፍሉም በመርሕ ደረጃ እኩል ነው። የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረትም ያለ ሁለታችሁ ስምምነት ሊሸጥ አይገባም። ይሸጠዋል ብለው ከሠጉ የዕግድ ማመልከቻ ከክሱ ጋር ያስገቡ። በተጨማሪም አንቀጽ 84፣ ለጋብቻው መፍረስ ጥፋተኛ የሆነው ወገን ለሌላው ካሣ እንዲከፍል ፍርድ ቤቱ ፍትሕ የሚጠይቅ ሆኖ ሲያገኘው ሊወስን እንደሚችል ይደነግጋል፤ ይህ አንቀጽ በማመልከቻዎች ላይ ከሚገባው በታች ሲጠቀስ አያለሁ።

ፖሊስ ጋ የመሄዱን ውሳኔ ግን አያዘግዩት። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ያለ ጋብቻ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም ጥቃት በአካል ጉዳት ድንጋጌዎቹ እንዲቀጣ ያደርጋል። ቀላል የአካል ጉዳት በአብዛኛው በተበዳይ አቤቱታ የሚያስከስስ ወንጀል ሲሆን አቤቱታው ድርጊቱና አድራጊው ከታወቁበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። እርስዎ ካለፈው ወር ወዲህ እየቆጠሩ ነው።

መልስ፦ በዚሁ መንገድ ያለፈች እናት

እኅቴ፣ ምስክር የለኝም ማለትሽን ተይው። ጓዳ ውስጥ የሚፈጸም ነገር የዓይን ምስክር እንደማይገኝለት ዳኞቹ ያውቃሉ፤ የፍትሐ ብሔር ክርክር ደግሞ እንደ ወንጀሉ ከጥርጣሬ በላይ ማረጋገጥን አይጠይቅም፣ የማን ማስረጃ ሚዛን ደፋ ተብሎ ነው የሚታየው። የታከምሽበትን ካርድ ግልባጭና የሐኪሙን ማስረጃ አውጪ፤ ለፖሊስ ስታመለክቺ ደግሞ የሕክምና ማስረጃ እንዲሰጥ ለጤና ተቋሙ ደብዳቤ ይጽፉልሻል። ያበጠ ክንድሽን በስልክ ያነሣሽው ፎቶ፣ በቴሌግራም ወይም በአጭር መልእክት የላከው ዛቻም ሆነ ይቅርታ፣ ጩኸትሽን የሰማች ጎረቤት፣ በዚያ ሌሊት በር የከፈተችልሽ እናትሽ፣ እነዚህ ሁሉ ማስረጃ ናቸው።

አንድ ሰው የማያስታውሰው ምስክር ልንገርሽ፤ የመጡት ሽማግሎች ራሳቸው ናቸው። በፊታቸው «አዎ፣ ተናድጄ ነው» ብሎ ከነበረ ስማቸውን በምስክርነት ዝርዝርሽ ላይ አስፍሪ። ሽማግሌ ሆኖ ምስክርነት መቆጠር ማንንም ደስ አያሰኝም፤ መጥሪያ ሲደርሳቸው ግን ይመጣሉ። ዝርዝሩንና የሰነዶቹን ግልባጭ ከክስ ማመልከቻሽ ጋር አብረሽ አያይዢ፣ በኋላ ማስረጃ ልጨምር ማለት ማስፈቀድ የሚጠይቅ አድካሚ ነገር ነውና።

ስለ ሽምግልና ከሌሎች ጋር አልስማማ ይሆናል፤ ነገር ግን ሕጉ ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹን ወደ መረጧቸው ሽማግሎች ሊመራ ይችላል ይላል እንጂ ይገደዳል አይልም። ችሎቱ ሁለታችሁን ለየብቻ እንዲያነጋግር በጽሑፍ ጠይቂ፤ እርሱ አጠገብሽ ቁጭ ብሎ ስለ ዱላው መናገር ይከብዳል። ዕርቁ ካልተሳካም ከሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ ሊሰጥ ስለሚችል፣ በዚያ ጊዜ የት እንደምትኖሪና ልጆቹ በምን እንደሚበሉ አስቀድሞ ትእዛዝ ይኑርሽ።

መልስ፦ በፍርድ ቤት በማኅበራዊ ባለሙያነት ያገለገሉ

ልጅቷን በሚመለከት ጥቂት ልበል። በቀድሞው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከባድ ምክንያት ካልኖረ በቀር ለእናቱ ይሰጥ ስለነበር፣ ዛሬም ብዙ ሰው ሕጉ እንደዚያው ያለ ይመስለዋል። የተሻሻለው ሕግ አንቀጽ 113 ግን የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ፣ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ችሎቱ አብሮ እንዲመዝን ያዛል። ገቢ ከመመዘኛዎቹ አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም፤ የአባት ደመወዝ መብለጥ ተገቢውን ቀለብ ለማስከፈል ምክንያት እንጂ ልጆቹን ወደ እርሱ ለመውሰድ በራሱ በቂ አይሆንም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632፣ የሕፃኑ ጥቅም ከወላጅ መብት እንደሚቀድም ሕገ መንግሥቱን ጠቅሶ የሰጠው ትርጓሜ የሥር ፍርድ ቤቶችን የሚያስገድድ ስለሆነ በማመልከቻዎ ላይ ይጠቀስ።

የስድስት ዓመት ልጅ በእናትና በአባቷ ፊት ምስክር ሆና እንድትቆም አይጠይቁ። ማኅበራዊ ባለሙያ እንዲያነጋግራትና የቤተሰቡን ሁኔታ አጥንቶ ሪፖርት እንዲያቀርብ ለችሎቱ ያመልክቱ፤ ዳኛው ራሱ በቢሮው ሊያነጋግራትም ይችላል። ምን እንደምትል ግን አያስጠኗት። የተጠና ቃል በሕፃን አፍ ሲነገር ለባለሙያ ቶሎ ይታወቃል፣ እውነተኛውንም ነገር ያስጠረጥራል።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ ወንድሙ የተከሰሰበት አባል

ይቅርታ፣ በሌላኛው በኩል ያለውንም ብትነግሩን። ወንድሜ በፍቺ ክስ ላይ ደብድቧል ተብሎ ተጽፎበታል፤ እርሱ ግን እንዳልነካት ይናገራል። ፖሊስ ጋ የነበረውም አቤቱታ ተነሥቷል።

መልስ፦ ጠበቃው

መልሱን በተቀጠረለት ቀን በጽሑፍ ያቅርብ፤ «ሁሉም ውሸት ነው» ብሎ በደምሳሳው ሳይሆን የተጠቀሰውን እያንዳንዱን ቀንና ድርጊት ለይቶ ይካድ፣ የራሱንም ማስረጃ ያያይዝ። አቤቱታ መነሣቱን ግን እንደ ነጻነት ማረጋገጫ አይመካበት፣ ሴቶች በቤተሰብ ጫናም ሆነ ለልጆቻቸው እንጀራ ብለው አቤቱታቸውን እንደሚያነሡ ችሎቱ አይስተውም። ሐሰተኛ ክስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 447 የሚያስቀጣ ቢሆንም፣ ያልተረጋገጠ ክስ ሁሉ ሐሰተኛ አይባልም። ክርክሩ እስኪያልቅ በስልክም በዘመድም እርሷን ከማግባባት ይቆጠብ፤ መልእክቱ ነገ በማስረጃነት ይመጣበታል።

መልስ፦ ከባሕር ዳር

ከክልል የምታነቡ፣ የአንቀጽ ቁጥሮቹን እንዳሉ አትገልብጡ። የተሻሻለው የፌዴራል ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን አብዛኞቹ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው፤ የአማራ ክልል ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ነው። የወንጀል ሕጉ ግን በመላው አገሪቱ አንድ ነው።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። በየሳምንቱ መጨረሻ ልጆቹን ልውሰድ ይላል፤ መከልከል እችላለሁ? እናቴ ቤት ድረስ እንዳይመጣ የሚያደርግ ትእዛዝስ አለ?

መልስ፦ ጠበቃው

ፈጽሞ መከልከሉ በኋላ «ልጆቼን ነፈገችኝ» ለሚል ክርክር ይዳርግዎታል። የመጎብኛው ቀን፣ ሰዓትና ቦታ በትእዛዝ እንዲወሰን፣ ርክክቡም እርስዎ በማይገኙበት ሁለታችሁ በምታምኑት ዘመድ ቤት እንዲሆን ይጠይቁ። ሁለተኛውን በሚመለከት፣ በአገራችን እንደ ሌሎች አገሮች ራሱን የቻለ የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግና የጥበቃ ትእዛዝ ሥርዓት የለም፤ ይህ ትልቅ ክፍተት ነው። ያለው መንገድ ለቤተሰብ ችሎቱ የሚቀርበው ጊዜያዊ ትእዛዝ፣ በወንጀሉ ምርመራ ደግሞ በዋስትና ላይ ገደብ እንዲጣል መጠየቅ ነው፤ በር ላይ ደርሶ ቢያስፈራራዎት ወዲያው ፖሊስ ይጥሩ፣ ጥሪዎንም ያስመዝግቡ።

መልስ፦ በዚሁ መንገድ ያለፈች እናት

ለጠበቃ የምትከፍይው ከሌለሽ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነጻ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ ለፍርድ ቤት የሚከፈለውን የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ካቃተሽም በደሀ ደንብ፣ ማለትም ያለ ክፍያ፣ እንድትከሺ ማመልከት ትችያለሽ፣ አቅም እንደሌለሽ የሚያስረዳ ደብዳቤ ከቀበሌሽ ወይም ከወረዳሽ ይዘሽ ሂጂ። እናትሽ ቤት መቆየቱ የሚያሠጋሽ ከሆነ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር እናቶችን ከነልጆቻቸው የሚቀበል መጠለያ አለው። ነገ ጠዋት ግን መጀመሪያ ጤና ጣቢያው ሄደሽ ካርድሽን አስወጪ።