ሉፐስ አለብኝ፤ ብሽሽቴን በጣም ያመኛል፣ ራጁ ግን ደህና ነው ተባልኩ

የአያት ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። 29 ዓመቴ ነው፣ አዲስ አበባ ነው የምኖረው። ሉፐስ (የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ) ከተገኘብኝ ሦስት ዓመት ሆነኝ። አምና ኩላሊቴን ነክቶት ፕሬድኒሶሎን የሚባል የስቴሮይድ ክኒን በቀን 60 ሚሊግራም ጀመርኩ። እየተቀነሰ አሁን 10 ላይ ነኝ።

ከሁለት ወር ወዲህ ቀኝ ብሽሽቴን ያመኛል። አንዳንዴ እስከ ጉልበቴ ይወርዳል። ታክሲ ልገባ እግሬን ሳነሳ ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። ካልሲ የምታጠልቅልኝ እናቴ ናት። መስገድም አልቻልኩም። ራጅ ተነሳሁ፤ “ምንም የለም፣ የሉፐሱ ቁርጥማት ነው” ብለው ማስታገሻ ሰጡኝ። እናቴ ብርድ ነው ብላ ማታ ማታ በቅቤ ታሸኛለች። እኔ ግን ፕሬድኒሶሎኑን ጠርጥሬያለሁ፣ ላቆመው ነው። እንዲህ የሆነ ሰው አለ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እህቴ፣ በእግዚአብሔር መድኃኒቱን በራስሽ አታቁሚ! ሰውነትሽ ለምዶታል፤ ድንገት ከተቋረጠ ሕይወትሽን አደጋ ላይ ይጥላል። የሚቀንስልሽ ሐኪምሽ ነው።

ጥርጣሬሽ ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። እኔም ሉፐስ አለብኝ፣ ያመመኝም ብሽሽቴ ላይ ነው፣ የኔ ግን በግራ በኩል። የመጀመሪያ ራጄ ደህና ነበር። እኔም አምኜ ሰባት ወር በክኒን ቆየሁ። ኤምአርአይ (በማግኔት የሚሠራ የውስጥ አካል ምስል) ስነሳ ሁለቱም ዳሌዎቼ ተጎድተው ተገኙ፣ ቀኙ ጭራሽ አሞኝ አያውቅም ነበር። ስሙ አቫስኩላር ኔክሮሲስ ነው። የጭን አጥንት ክብ ራስ ደም የሚያገኘው በቀጫጭን ሥሮች ነው። ደሙ ሲቋረጥ አጥንቱ ከውስጥ ይሞታል፣ ውሎ አድሮም ይሰረጉዳል። ሉፐስ ኖሮብን ብዙ ፕሬድኒሶሎን የወሰድን ሰዎች ላይ ይበዛል። ራጅ መጀመሪያ ላይ አያሳየውም፣ ኤምአርአይ ያሳየዋል።

ግራዬ ተሰርጉዶ ስለነበር በ34 ዓመቴ ሰው ሠራሽ ዳሌ ተተካልኝ። ቀኙን ግን ሳይሰረጉድ ስለደረሱበት በመሰርሰሪያ በስተው ግፊቱን አስተነፈሱት፤ እስካሁን የራሴ ነው። የሰባቱ ወር ነገር ዛሬም ይቆጨኛል። ስለዚህ ሐኪምሽን “ኤምአርአይ ይታዘዝልኝ” በይ፣ ሁለቱንም ዳሌ። አትፈሪ።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው። አንድ ነገር ሞክሪ። በጀርባሽ ተኝተሽ ጉልበትሽን እጠፊና እናትሽ ከጉልበትሽ በታች ያለውን እግርሽን ቀስ አድርገው ወደ ውጭ ይግፉት። ያኔ ጭንሽ ወደ ውስጥ ይዞራል። ብሽሽትሽን ከወጋሽ ወይም አልዞር ካለ ችግሩ መገጣጠሚያው ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። በግድ አይግፉ።

እስኪታይ ድረስ ከባድ ነገር አትሸከሚ፣ ዱካ ላይ አትቀመጪ፣ ምርኩዝ ያዢ። ምርኩዙ የሚያዘው በማያመው በኩል ነው፤ ቀኝሽን ካመመሽ በግራ እጅሽ። ብዙ ሰው ይህን ይገለብጠዋል። ማስታገሻውንም ስሙን እይው። ኩላሊት ለተነካ ሰው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን አይሆኑም።

የአያት ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ነበር፣ የኩላሊት ሐኪሜ አስቆሙኝ፣ ኤምአርአዩንም አዘዙልኝ። ትናንት ውጤቱ መጣ። ቀኙ ተጎድቷል፣ ግን አልተሰረጎደም። ግራው ላይም ጅምር አለ። ማክሰኞ የአጥንት ቀዶ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለኝ። የሲልቨር ስፕሪንጓ እህቴ፣ አጥንቱን ሲበሱልሽ ሆስፒታል ስንት ቀን ተኛሽ?

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦
እንኳን በጊዜ ታወቀልሽ! እኔ በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። ከዚያ ስድስት ሳምንት በሁለት ክራንች ነው፣ ያን እግር ሙሉ በሙሉ መርገጥ የለም። ደረጃ ካላችሁ መኝታሽን ከአሁኑ ወደ ታች አውርዱት።