በ«ኪንግ ኩንታ» ግጥም ውስጥ ያለውን የ«ያም» ምሥጢር የሚፈታልኝ እፈልጋለሁ

አሜሪካዊው ራፐር ኬንድሪክ ላማር በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የ«ኪንግ ኩንታ» ዘፈን ግጥም ለመረዳት ስሞክር አንድ ቦታ ላይ ስለቆምኩ እርዳታችሁን በትሕትና እጠይቃለሁ። ርእሱ አላስቸገረኝም፤ በአሌክስ ሄሊ «ሩትስ» ልቦለድ ውስጥ ከጋምቢያ ተወስዶ ለባርነት የተሸጠውና ሊያመልጥ ሲል እግሩን የተቆረጠው ኩንታ ኪንቴ እዚህ ንጉሥ ተብሏል፤ አዝማቹም ሁሉም እግሩን ሊቆርጠው እንደሚመኝ ይናገራል።

የከበደኝ «ያም» የተባለው የሥራሥር ምግብ ነው። ያም ማለት ሥልጣን ነው ይለንና መንገድ ላይ ሲሄድ ሽታው እንደሚሸተን ይጨምራል። በጥቁር አሜሪካዊው ደራሲ በራልፍ ኤሊሰን የ1952 እ.ኤ.አ. ልቦለድ ባለታሪኩ በኒው ዮርክ ሃርለም ጎዳና ላይ ትኩስ ያም ገዝቶ ያለ እፍረት እየበላ ሲሄድ ነፃነት ይሰማዋል፤ በናይጄሪያዊው ደራሲ በቺኑዋ አቼቤ የ1958 እ.ኤ.አ. ልቦለድ ደግሞ ያም የአባወራ ሀብትና ክብር መለኪያ ነው። ሽታውና መንገዱ ወደ ኤሊሰን እንዳደላ አድርገውኛል። ሆኖም በኋላ ላይ ያሙ የኮሜዲያኑን የሪቻርድ ፕራየርን ገመና እንዳወጣና የቀድሞውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተንን በምኞት እንደጠመዘዘ ሲናገር፣ አንዱ በኮኬይን ሌላው በሴት ጉዳይ ስማቸው የተነሣ ሰዎች ስለሆኑ፣ የያዝኩት ፍቺ አልገጥም አለኝ።

ሰሙ አንድ ሆኖ ወርቁ ሦስት ነው ማለት ይቻላል? የጥቁር አሜሪካውያንን ሥነ ጽሑፍ የምታውቁ፣ ሥልጣንና ሱስ በአንድ ያም ውስጥ እንዴት እንደተገናኙ ከስንኙ እያጣቀሳችሁ ብታስረዱኝ ባለውለታችሁ ነኝ።