አስቸኳይ፦ የካራ እጀታዬ ከብረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር እየሳተ ተቸግሬያለሁ

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለአረፋ የታዘዙብኝን 6 ካራዎች ነገ ማታ ማስረከብ ሲገባኝ፣ በኮምፒውተር በምትታዘዘው ትንሿ 3018 ሲኤንሲ የመቅረጫ ማሽኔ የምቀርጻቸው የወይራ እጀታዎች ከብረቱ ጋር አልገጥም ብለውኛል። የሪቬት (እጀታውን ከብረቱ ጋር የሚይዘው ሚስማር) ቀዳዳዎቹን ከውስጠኛው ገጽ በስቼ፣ እንጨቱን ገልብጬ የውጭውን ቅርጽ አወጣለሁ። ሪቬቶቹ በብረቱ ቀዳዳ ያለ ችግር ያልፋሉ፤ እንጨቱ ግን በካራው ጀርባ በኩል 1.5 ሚሊ ሜትር ይጎድላል፣ በሆዱ በኩል ያንኑ ያህል ይተርፋል። ሁለት ጥንድ አበላሽቻለሁ፤ የቀረኝ እንጨት ለስድስቱ ብቻ ይበቃል። የዋይ ሞተሩ (ገበታውን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚነዳው) እርምጃ እየሳተ ይመስለኛልና፣ ደሴ ውስጥ አዲስ ሞተር የት እንደሚገኝ የምታውቁ ንገሩኝ።

ጦሳ ግርጌ፦ ሞተር ከመግዛትዎ በፊት፣ ሞተሩን ከጠመዝማዛው ዘንግ ጋር የሚያያይዘውን መጋጠሚያ ይፈትሹ። ትንንሾቹ ብሎኖች በንዝረት ይላላሉ፤ እኔ ላይም ደርሷል።

ባለ ሞረዱ (ደሴ)፦ ወንድሜ፣ ለ6 ካራ ማሽን ምን ያደርጋል? አባቴ የቀንድ እጀታ በመጋዝና በሞረድ ብቻ ሲሠራ ኖሯል። ሞረድ ደግሞ መብራት ሲጠፋ ዜሮውን (የልኬት መነሻውን) አይረሳም።

ዋንዛ ጥላ፦ ወይራውን መቼና ከየት እንደገዙት አልነገሩንም፤ ለእኔ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። እርጥብ ወይራ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ካለችው ደሴ የሐረጎን ዳገት ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ቶሎ ይደርቃል፤ ሲደርቅም በቁመቱ እምብዛም ሳይሆን በወርዱ ይኮማተራል። ሰው ሁሉ ይህን የሚያስታውሰው እንጨቱ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። ሁለቱን ጫፎች ሰም ቀብቶ ጥላ ውስጥ ወራት ማቆየት ያስፈልጋል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ዋንዛ ይሥራ፤ ለመቅረጽም ይቀላል፤ ምንም እንኳ ለሥጋ ቤት ካራ የወይራን ያህል ባይጠነክርም።

አዲስ ገቢ፦ የመጋጠሚያውን ብሎኖች ያጥብቁ።

ጦሳ ግርጌ፦ እኔ ያልሁት እኮ እሱኑ ነው።

ቧንቧ ውሃ፦ ሞተሩን አይግዙ። ሞተር እርምጃ ቢስት ስሕተቱ ከቁራጭ ቁራጭ ይለያያል እንጂ በሁለት ጥንድ ላይ እኩል 1.5 አይወጣም። ዜሮውን የሚይዙት ከእንጨቱ ጥግ ይመስለኛል። እንጨቱን ሲገለብጡት፣ ከታች የነበረው ጠርዝ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ፕሮግራሙ ግን ቀዳዳዎቹን የሚጠብቃቸው በኮምፒውተር ላይ በጻፉት ወርድ ተሰልተው ነው። 40 ብለው ጽፈው እንጨቱ 38.5 ከሆነ፣ የጎደለው በሙሉ በቅርጹ ላይ ይታያል። ስለዚህ በካሊፐር ይለኩና ትክክለኛውን ወርድ ያስገቡ፤ ወይም ዜሮውን ከጥግ ወደ ወርዱ መካከል ያዛውሩ። ከሁሉ የሚሻለው በማሽኑ ገበታ ላይ ባለው ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ጣውላ)፣ እንጨቱ በሚገለበጥበት መሥመር ላይ ሁለት ቀዳዳ በስቶ በካስማ ማሰር ነው፤ ያን ጊዜ ጠርዙ ምንም ቢሆን ግድ የለም። መጀመሪያ በተበላሸው ቁራጭ ላይ ይሞክሩት። ለወይራ በአንድ ዙር ከ0.5 ሚሊ ሜትር በላይ አይግቡ፤ የዚያች ማሽን ስፒንድል (መቁረጫውን የሚያሽከረክረው ሞተር) ከዚያ በላይ ሲጫኑት ያቃስታል።

የቦርከና ልጅ፦ ለካሁት፤ 38.5 ነው! ከሦስት ሳምንት በፊት ደሴ ስገዛው 40 ነበር፤ ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውም ያው ነው። ዋንዛ ጥላ፣ ትምህርቱን አንብቤ ስላለፍኩት ይቅርታ ይደረግልኝ። የካስማዎቹን ቀዳዳ ልብሳ ስል መብራት ሄደ።

ባለ ሞረዱ፦ ሁለት ሞረድ አለኝ። ሐረጎን ለመውጣት ሚኒባስ እስከ ማታ አይጠፋም።

ጦሳ ግርጌ፦ የቦርከና ልጅ፣ አረፋ አለፈ እኮ፤ ካራዎቹ ደረሱ?