ሕፃናት ማስተማር ደስታው የቱ ጋ ነው?

ቀለም_ቆጣሪ
ከ4 እስከ 5 ዓመት ያሉ 26 ልጆች አስተምራለሁ፤ አንዲት ረዳት አለችኝ። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፤ ቀኑ ሲያልቅ ግን ጉሮሮዬ ተዘግቶ፣ ምን እንዳስተማርኩ እንኳ ሳይታወቀኝ ነው የምወጣው። ጠዋት ምንጣፍ ላይ ትንሽ እንደተቀመጡ ይበተናሉ፣ እጅ መታጠብ ላይ ግፊያ፣ መጫወቻ ሲሰበሰብ ለቅሶ ነው። «አይዞሽ» ሳይሆን ነገ ክፍል ገብቼ የምሞክረው ነገር ንገሩኝ።

የማለዳ_ደወል
እህቴ፣ ቀንሽን የሚበላው ትምህርቱ ሳይሆን ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው መሻገሪያው ነው። 26 ልጅ ለ2 ቧንቧ ብታሰልፊና እያንዳንዱ 30 ሴኮንድ ቢፈጅ፣ መጨረሻ ያለው 6 ደቂቃ ያህል ሥራ ፈቶ ይቆማል። ሥራ የፈታ የ4 ዓመት ልጅ ደግሞ ይገፋል፤ ባለጌ ሆኖ አይደለም። ስድስት ስድስት እየሆኑ ይሂዱ። ረዳትሽ ቧንቧው ጋ ትቁም፣ አንቺ ከቀሩት ጋር በጣት እየቆጠራችሁ ዘምሩ።

መጫወቻ ከመሰብሰቡ በፊት «5 ደቂቃ ቀራችሁ» ማለት ለእነሱ ትርጉም የለውም። «ሁለት ሁለት ኩብ ደርድሩና እንሰበስባለን» በይ፤ ይህን ያውቁታል። ከዚያ ሁልጊዜ ያው አንድ መዝሙር ይከተል። ሰለቸኝ ብለሽ በየሳምንቱ ከቀየርሽው ምልክትነቱ ይጠፋል። መደርደሪያው ላይ የየዕቃውን ሥዕል ለጥፊ፤ የት እንደሚቀመጥ እየጠየቁ አያደክሙሽም።

ምንጣፉ ላይ 10 ደቂቃ ይበቃል፣ በመሐሉም አንዴ አስነሥተሽ አንቀሳቅሻቸው። ስም መጥራቱን ከዚያ አውጪው፦ ሲገቡ ስማቸው የተጻፈበትን ካርድ ራሳቸው ይስቀሉ። ስማቸውን ማወቅም በዚያው ይለምዳሉ።

ጠጠር_ለቃሚ
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፤ ግን ክፍሉ ጸጥ ስላለ ብቻ ደስታ አይመጣም። እዚህ ሥራ ላይ የሚያስደስተው ልጁ ሲለወጥ ማየት ነው፣ ለውጡ ደግሞ በጣም ትንሽ ስለሆነ ካልጻፍሽው ያመልጥሻል። ነፃ ጨዋታ ላይ ሲሆኑ በቀን 5 ልጅ መርጠሽ (አንዱን ቀን 6) ለእያንዳንዱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ሳምንቱ ሲያልቅ ሁሉም ይዳረሳል፤ ያን ድምፁ የማይሰማ፣ የማያስቸግር ልጅም ጭምር፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነውና።

«ጎበዝ ነው» ብለሽ አትጻፊ፣ ከወር በኋላ ምንም አይነግርሽም። ያየሽውን ጻፊ፦ «መቀሱን በሁለት እጁ ይዞ ይታገል ነበር። ዛሬ በአንድ እጁ ቆረጠ፣ በሌላው ወረቀቱን አዞረው።» የዛሬውን ከወር በፊቱ ጋር አስተያዪው።

ሌላው ዝምታ ነው። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ 1 ሴኮንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ 3 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ ግን የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝም አሳይታለች። ለትንንሾቹ እኔ 5 እላለሁ፤ በልብሽ ቁጠሪ። ጥያቄውም «ይሄ ምን ቀለም ነው?» ከሆነ መልሱ አንድ ቃል ነው። «ይሄ ድልድይ እንዴት ሳይወድቅ ቆመ?» ብትይው ግን ያልጠበቅሽውን ይነግርሻል። እኔን ብትጠይቂኝ ደስታው እዚያ ነው።

ለስላሳ_ድምፅ
ስለ ጉሮሮሽ ማንም አላነሣውም። ከክፍሉ ጫፍ ሆነሽ አትጣሪ፤ ልጁ ጋ ሄደሽ በርከክ በይና ዓይኑን እያየሽ ንገሪው። አንድ ትእዛዝ ብቻ፣ ያውም የሚያደርገውን፦ «አትሩጥ» ሳይሆን «በእግርህ ሂድ»። ሁሉንም ለመጥራት ደወል ወይም ጭብጨባ ተጠቀሚ። ውኃ ከአጠገብሽ አይጥፋ። የድምፅ መጎርነኑ ከ3 ሳምንት ካለፈ ሐኪም ይየው።

ቀለም_ቆጣሪ
አመሰግናለሁ። ግን ቁጭ ብዬ ስጽፍ ኃላፊዬ «ልጆቹን ትታ» ብትለኝስ?

ጠጠር_ለቃሚ
ቁጭ አትበዪ። ከመዳፍ የማይበልጥ ወረቀትና እርሳስ ኪስሽ ይኑር፣ ቆመሽ ጻፊ፣ ቀኑን አትርሺ። ማታ በየልጁ ፖስታ ውስጥ ክተቺው። ወላጅ «ልጄ እንዴት ነው?» ሲል ፖስታውን አውጥተሽ ስታነቢ ኃላፊሽም አብራ ትስማ።