በእጅ የተፈተለ ማግ ሹራብ ሲሆን ለምን ያዘነብላል?

ባለ አራተኛ ፎቅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሹራብና ዳንቴል የምትሠሩ፣ በተለይ ደግሞ ፈትል የምታውቁ ሰዎች እንድታማክሩኝ ነው የመጣሁት። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ሁለተኛ ልጄን በግንቦት ስወልድ እናቴ ልታርሰኝ ከደብረ ታቦር መጣች። ከቅቤውና ከበሶው ጋር አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጥጥ ጠቅጥቃ ይዛለች። ለባለቤቴ ጋቢ ልትፈትልለት ነው። ጥጡ ከነፍሬው ስለነበረ መዳመጫውን፣ ድንጋዩንም ብረቱንም፣ ከአገሯ ጭና አምጥታለች። አራት ፎቅ ተሸክሞ ያወጣው ባለቤቴ ነው፤ ድንጋይ መሆኑን የነገርነው ላይ ከደረሰ በኋላ ነው።

ከዚያ ደጋኑ ተከተለ። ብናኙ ለሕፃኑ እንዳይደርስ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ስትነድፍ የጅማቱ ድምፅ ግድግዳ አልፎ ይሄዳል። በሦስተኛው ቀን የጎን ጎረቤታችን አንኳኩተው «ክራር የሚማር ልጅ አላችሁ እንዴ?» ብለው ጠየቁ። ገብተው አዩ፣ ቡና ጠጡ፣ አሁን በየቀኑ ይመጣሉ።

ሹራብ የተማርኩት ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ነው። እስከ ዛሬ ማታ ልጆቹን አስተኝቼ ሁለት መስመር ሳልሠራ እንቅልፍ አይወስደኝም። ከገበያ የምገዛው ክር አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው፤ ሲገዙት ያብለጨልጫል፣ ሁለት ጊዜ ከታጠበ በኋላ ላዩ ይድቦለቦላል። የእናቴን ፈትል ሳይ ምራቄን ዋጥኩ። አራት ልቃቂት ለመንኳት። «ማግ ለሸማ ነው፤ በማግ ሹራብ ሲሠራ የት አየሽ?» አለች። ሰጠችኝ ግን።

ለታላቁ ልጄ፣ ሦስት ዓመት ከመንፈቁ ነው፣ የክረምት ሹራብ ጀመርኩለት። በቁጥር 4 ሽቦ 70 ቀለበት ይዤ የጀርባውን ክፍል አንድ ስንዝር ያህል ከሠራሁ በኋላ ጠረጴዛ ላይ ባነጥፈው ወደ ቀኝ አዘንብሎ ተኛ። ንፋስ የገፋው አጥር ይመስላል። ስቤ አቃናሁት፣ ስለቀው ተመለሰ። በካውያ ተኮስኩት፣ ጠዋት ሳየው እንደነበረው ሆኗል። ቀለበቱን ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ 70 ነው፣ የጨመረም የጎደለም የለም። ክሩ ደግሞ ትንሽ ላላ ካልኩለት በራሱ ላይ ይጠመዘዛል። ሦስት ጊዜ ተበጥሶብኛል። ልጠበው ብዬ ውሃ ውስጥ ስከተው እንደ ዳክዬ ተንሳፈፈ እንጂ አልረጠበም።

እናቴ «ይህ እንዝርት አርባ ዓመት ሙሉ ሰው አልብሷል፤ ጠማማው የአንቺ ሽቦ ነው» ትላለች። ጥፋቱ የማን ነው? ተርትሬ ልጀምር ወይስ የሚቃናበት መላ አለ?

የሽሮ ሜዳ ልጅ፦

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። እናትሽም እውነታቸውን ነው፣ አንቺም አልተሳሳትሽም። የሸማኔ ልጅ ነኝ። አባቴ ከጋሞ መጥተው እዚሁ ሽሮ ሜዳ ጉድጓድ ቆፍረው ዕቃቸውን ተከሉ፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀሰም ላይ ማግ እየጠቀለልኩ ነው ያደግሁት። በዚያ ሁሉ ዓመት ለሹራብ ማግ የገዛ ሰው አላየሁም፣ ይህንን ለእናትሽ ንገሪልኝ።

ማግ ነጠላ ፈትል ነው። እንዝርቱ በአንድ ወገን አጠማዝዞታልና ላላ ባልሽለት ቁጥር ተመልሶ መፈታት ይፈልጋል። ሸማ ውስጥ ሲገባ ግን ድሩ ከላይም ከታችም አንቆ ስለሚይዘው መላወሻ የለውም። ድሩ ዛሬ ዛሬ የፋብሪካ ክር ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ይችለዋል። ሹራብሽ ላይ የሚያንቀው የለም። እያንዳንዱ ቀለበት በፈቃዱ ነውና ትንሽ ትንሽ ይዞራል፤ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ሲዞር ያየሽው አጥር ይሆናል። ሺህ ጊዜ ብትተኩሺው አይድንም።

መድኃኒቱ መግመድ ነው። ሁለት ልቃቂት በሁለት ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ አስቀምጪ፣ እየተንከባለሉ እንዳያስቸግሩሽ። ሁለቱን ጫፍ አንድ ላይ ባዶ እንዝርት ላይ እሰሪና እንዝርቱን ከፈትሉ በተቃራኒ አሽከርክሪ። እናትሽ ሲፈትሉ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ ወደ ጉልበት የሚያንከባልሉት ከሆነ፣ ሲገምዱ ከጉልበት ወደ ላይ ያንከባልሉት። ቁምነገሩ እዚህ ላይ ነው። በዚያው ወገን ከገመድሽው የበለጠ ይብስበታል፣ ገመድ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ልኩን ለማወቅ ከተገመደው ላይ አንድ ክንድ ያህል ልቀቂና ሁለቱን ጫፍ አቀራርበሽ ያዢው። መሀሉ እንደ አንገት ሐብል ጸጥ ብሎ ከተንጠለጠለ ደርሷል። ከተጠመዘዘ ጨምሪበት ወይም ቀንሺለት። የተሠራውን ግን ተርትሪው፣ አትዘኚለት።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ሳልባጅ ተራ ብትወጪ የልጅ ሹራብ በርካሽ ታገኛለሽ። የእናትሽን ድካም ለሚያድግ ልጅ ከምታውይው ጋቢውን አስጨርሻቸው። በሚቀጥለው ክረምት አይገባውም።

ባለ አራተኛ ፎቅ፦

አባቴ፣ ሳልባጁንም አለብሰዋለሁ፣ አልናቅሁትም። ጋቢው ግን አራት እጥፍ ነው፤ እናቴ እንደምትለው ፈትሉ ለመስከረም እንኳ አይደርስም። የአራት ልቃቂት ነገር አያጣላንም። ደግሞስ ለታናሹ ይተርፋል፤ እኛ ቤት ልብስ በአንድ ልጅ አያልቅም።

የሽሮ ሜዳ ልጅ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለእናቴ ሳነብላት «ይህ ልጅ የሰው ልጅ ነው» አለች። ሹራቡን የሚመለከተውን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ።

ቶሮንቶ ያለችው፦

መግመዱ ልክ ነው፤ የመንሳፈፉን ነገር ግን ማንም አልመለሰልሽም። ጥጥ ከተፈጥሮው በላዩ ላይ ሰም የመሰለ ነገር አለው፤ እሱ እስካልወጣ ድረስ ውሃ አያስገባም። ስለዚህ ከገመድሽው በኋላ ቀቅዪው። አዎ፣ ቀቅዪው ነው ያልኩት።

መጀመሪያ ልቃቂቱን ፈትተሽ ቱባ አድርጊው። እኔ የወንበር መደገፊያ ላይ ነው የምጠመጥመው፤ ሰው ካለ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይያዝልሽ። ቱባውን በአራት ቦታ ላላ አድርገሽ በሌላ ክር እሰሪው። ይህንን ከረሳሽ ከድስቱ የምታወጪው ክር አይደለም፣ የወፍ ጎጆ ነው፤ ከራሴ ደርሶ አይቼዋለሁ። ከዚያ በትልቅ ድስት፣ ትንሽ ሳሙና ፍቀሽ ጨምረሽ አንድ ሰዓት ያህል ይንተክተክ። ውሃው ቀጭን ሻይ መስሎ ይወጣል። እንዳትደነግጪ፣ ነጭ ያልሽው ክር ያን ያህል ነጭ አልነበረም። ክሩ ትንሽ ይሰበሰባል፤ ሹራብ ሆኖ ከሚሰበሰብ አሁን ይሰብሰብ። አለቅልቀሽ ስታሰጪው ከታች ከበድ ያለ ነገር አንጠልጥዪበት፤ እኔ የውሃ ጠርሙስ ነው የማስርበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥጥ እንደ በግ ጠጉር አይለጠጥም። የእጅጌው ጫፍና የአንገቱ ዙሪያ ውሎ አድሮ ይረግባል። ለዚያ ቦታ ቁጥር 3 ሽቦ ተጠቀሚ። ሙሉ ሹራቡንም በሁለቱም ገጽ አንድ በሚመስለው በቀላሉ አሠራር ብትሠሪው የቀረችውን ማዘንበል ይሸፍንልሻል፤ በዚያ አሠራር አንዱ መስመር የሌላውን ይመልሰዋል።

እናቴ ካረፈች ስድስት ዓመቷ ነው። እንዝርቷ እዚህ መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ነው፤ ልቃቂቱ አሁንም አለበት፣ ግማሽ ነው። ልፈታው አልደፈርኩም።

የመንዝ ሰው፦

እኛ አገር ጥጥ የቆላ ነው፣ ብርዱ የሚፈራው በግን ነው። አያቴ የበግ ጠጉር ፈትላ ባና የሚሠሩት ወንዶቹ ነበሩ። የመንዝ ባና ለብሶ ያደረ ሰው ብርድ ልብስ የሚባለውን ነገር ይታዘበዋል። ለሹራብ የሚስማማው እሱ ነው፤ ቢሳብም ይመለሳል፣ ቢረጥብም ጨርሶ አይበርድም። ይኮሰኩሳል እንጂ። ለልጅ አንገት አልመክርሽም። ካልሲና ቆብ ግን ሞክሪ፤ ሲፈተል ላላ ብሎ ይፈተል፣ የጥጡን ያህል አይክረር።

ባለ አራተኛ ፎቅ፦

ሁለት ሳምንት ጠፋሁ። ታናሹ ጉንፋን ይዞት ነበር፣ አሁን ደኅና ነው።

ተረተርኩት። ልቤ እያዘነ ነው የተረተርኩት። መግመዱን እኔ ብጀምረው ሁለቱ ክሮች እኩል አልመጣልኝ ብለው አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው እንደ ሐረግ ተጠመጠመበት። እናቴ ከማዶ ሆና ስታየኝ ቆይታ «ወዲህ በይው» አለች። መብራት የጠፋበት ማታ ነበር። ሻማ ላብራላት ብል «ለምን? ዓይኔ ነው እንዴ የሚፈትለው?» አለችኝ። ሁለቱን ክር በግራ እጇ ጣቶች መካከል ለያይታ ይዛ፣ እንዝርቱን ከጉልበቷ ወደ ላይ ሙልጭ አድርጋ ትልከዋለች፣ ክሩ እየተሳበ ይሄዳል፣ ከዚያ ጠምጠም፣ እንደገና ሙልጭ። በጨለማው ውስጥ የምሰማው የእንዝርቱን ሹክሹክታና የሕፃኑን ትንፋሽ ብቻ ነበር። መብራት ሲመጣ አንዱ ልቃቂት አልቋል። አንድም ቦታ አልተንጋደደም። የአንገት ሐብሉን ፈተና ሠራሁት፤ ጸጥ አለ።

የሚያሳዝነው የሁለተኛው ቀን ነው። ታላቁ ልጄ የተገመደውን ልቃቂት ኳስ አድርጎት በር ተከፍቶ አገኘ። ጫፉ ከወንበሩ እግር ጋር ታስሮ ስለነበር እሱ እየሮጠ በወረደ ቁጥር ክሩ እየተፈታ ተከተለው። ሳገኘው ምድር ቤት ቆሞ ባዶ እጁን ያየዋል። አራት ፎቅ ደረጃ ሙሉ ክር! በብረት መደገፊያው ዞሮ፣ በሦስተኛ ፎቅ የጫማ መደርደሪያ ሥር አልፎ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰው ረግጦት። ክራር የመሰላቸው ጎረቤታችን ከላይ፣ እኔ ከታች ሆነን ግማሽ ሰዓት ጠቀለልን። የሚገርመው አልተበጠሰም። ነጠላ ማግ ቢሆን ኖሮ ገና አራተኛ ፎቅ ላይ አልቆለት ነበር።

ያን የቆሸሸ ክር ነው እንግዲህ የቀቀልኩት። ቶሮንቶ ያለሽው እህቴ፣ ቀጭን ሻይ ብለሽ ነበር፤ የእኔው የደረጃው አቧራም ተጨምሮበት የገብስ ቡና መሰለ። ሁለት ጊዜ ውሃ ለወጥኩ። በአራት ቦታ ማሰሩንም አልረሳሁም። የውሃ ጠርሙስ አስሬ በረንዳ ላይ ሰቀልኩት፤ በነሐሴ ዝናብ ለመድረቅ ሦስት ቀን ፈጀ። ሲደርቅ ለስላሳና ድፍን ነጭ ሆነ፣ ውሃ ጠብ ሲልበትም ወዲያው ይጠጣል።

በአንቺው ምክር በቀላሉ አሠራር ጀመርኩት። ክሩ ስለወፈረ 70ው በዝቶ 52 ቀለበት በቃኝ። ጀርባው አልቋል፣ ፊቱም አልቋል፣ ጠረጴዛ ላይ ሳነጥፈው ማዕዘኑ ማዕዘን ነው። እናቴ መጥታ በስንዝሯ ለካችው፣ ገልብጣ አየችው፣ ምንም አላለችም። ማታ ግን ባለቤቴን «ይህቺ ልጅ ጥሩ እጅ አላት፤ ከእኔ ነው» ስትለው ሰምቻታለሁ።

እጅጌው ነው የቀረው። ሁለት ነጠላ ሲገመድ አንድ ስለሚሆን አራቱ ልቃቂት ሁለት ሆነው እጅጌ ላይ አለቁብኝ፤ ይህንን ሒሳብ ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ። ሌላ ሁለት ብለምናት የጋቢውን ማግ ቆጠረች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ ትርፍ እንዝርቷን አምጥታ ባዘቶ ጨምራ እጄ ላይ አኖረችልኝ። «ጎደለሽ? ፍተዪዋ።»

ይኸው ሦስት ቀኔ ነው። ጣቴ ላይ ጥጡ እየቀጠነ መጥቶ አየር ሆኖ ይጠፋል፣ ካልሆነ ደግሞ እንደ አውራ ጣቴ ይወፍራል። ትናንት የመጀመሪያዋን አንድ ክንድ ክር ሳትበጠስ ፈትዬ ሮጬ ወሰድኩላት። ወደ መስኮቱ አቅርባ አገላብጣ አየቻት።

«ለጧፍ ትሆናለች» አለች።